በሽማግሌ የተሰጠች ተጫዋች

አንድ ሰው ነበረ፤ ግንበኛ ነበር። የጠየቅከኝን አልረሳሁም፣ አያልነህ። ልጅህ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ደጋፊው ሁሉ «ወደ ሌላ ኮሌጅ አዛውራት» ይልሃል፤ አንተም «ላዛውራት ወይስ ልተዋት?» ብለህ መጥተሃል። እመልስልሃለሁ። አስቀድመህ ግን የዚህን ሰው ነገር ስማኝ።

ግንበኛው የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ናት። ሲኒማ የላት፣ ስታዲየም የላት፤ ያላት የኮሌጁ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ይዘጋና ሕዝቡ ኮሌጁ ሜዳ ዳር ይሰበሰባል። በሜዳው ዙሪያ ያለውን የድንጋይ መቀመጫ የሠራው ግንበኛው ራሱ ነበር። ምንም ሳይከፈለው ስለሠራው ከፊተኛው ረድፍ መሃል ያለችው ቦታ የእሱ እንደሆነች ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ ማንም አይቀመጥባትም።

ይህ ሰው ስመኝ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ ገና ሕፃን ሳለች ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደጋት። ልጅቱ ቁመቷ ከእሱ በለጠ፤ ክንዷም እንደ አባቷ ክንድ ጠንካራ ሆነ። አድጋ ኮሌጅ ስትገባና ለቡድኑ ስትመረጥ የአባቷን ደስታ የሚያህል ደስታ በዚያ ሰፈር አልታየም። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ስትደርስ የክት ጃኬቱን ለብሶ መጣና ቦታው ላይ ተቀመጠ። ልጁ አልተሰለፈችም። በሁለተኛውም ቅዳሜ አልተሰለፈችም። ዓመቱ ሙሉ አልተሰለፈችም።

የቡድኑ አሰልጣኝ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ነበረች። በወጣትነቷ ከመረቡ ሥር ዘላ በአንድ እግሯ ስትወርድ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ጨዋታ ያቆመች ናት፤ እስከ ዛሬም ታነክሳለች። ስለዚህ የራሷ የሆነ ሥርዓት ነበራት። አዲስ የገባች ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላት በውድድር ላይ አትሰለፍም። ማለዳ ማለዳ ከድንጋዩ መቀመጫ ላይ እየወጣች፣ በሁለት እግሯ፣ ጉልበቷን አጥፋ ወደ መሬት ትዘላለች። ወጥታ ትዘላለች፤ እንደገና ወጥታ ትዘላለች። አሰልጣኟም አጠገቧ ቆማ ትቆጣለች። ድምፅዋ ከሜዳው አልፎ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። «ጉልበት! ጉልበትሽን እጠፊ! ዓይንሽ የት ነው ያለው?»

ደጋፊውን ደግሞ ታውቀዋለህ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የማይዘልለው ከፍታ የለም። ፀጉር አስተካካዩ «ይቺን ልጅ መሃል ላይ ነበር ማቆም» ይላል። ባለፋርማሲው «ሌላ ኮሌጅ ብትሆን እስካሁን ብሔራዊ ቡድን በገባች ነበር» ይላል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር የሌላውን ከተማ ቡድን እያነሳ «እዚያ እኮ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው የሚያሰልፉት፤ ዋንጫውም ያለው እዚያ ነው» ብሎ ይምላል። አንድ ቀን አሰልጣኟ ይህን ብትሰማ ዞር አለችና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለቻቸው። ፀጉር አስተካካዩ ቀበል አድርጎ «እስኪሄድ ድረስ እኮ ሸተተ!» አለ። ሜዳው በሳቅ አውካካ። ግንበኛውም ከሁሉ በላይ ሳቀ።

እኔን የሚገርመኝ የእሱ ሳቅ ነው። ጠዋት በተገነባ ግድግዳ ላይ ከሰዓት ጣራ ይጫን ቢሉት ደንበኛውን ያባርራል እንጂ እሺ የሚል ሰው አልነበረም። ሲሚንቶው እስኪጠና ውኃ እያጠጣ የሚጠብቅ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። በልጁ ነገር ግን ፀጉር አስተካካይ አሳቀው። ሰው በእጁ የሚያውቀውን በልቡ አያውቀውም።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ስመኝ ዓይኗ ቀልቶ ቤት ገባች።

«ምን ሆንሽ?» አላት አባቷ።

«ተቆጣችኝ፣ አባዬ። ከሁሉም እኔን ነው የምትቆጣው። ስዘል ትቆጣኛለች፣ ስወርድ ትቆጣኛለች። ዛሬማ ውኃ ስጠጣም ተቆጣችኝ።»

«በቃ ጠምዳሻለች» አለ። ልጅቱ «እንጃ» ብላ ፊቷን ታጠበች። እሷ ረሳችው፤ እሱ ግን አልረሳውም።

ቅዳሜ ሲደርስ ነገሩን ለጓደኞቹ አወራ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚላቸው አንድ ሰው እንኳ ከመካከላቸው ጠፋ። ባለፋርማሲው ጉልበቱን መታ አድርጎ «ሽማግሌ ላክባታ!» አለው። በአገራችን ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል፤ ለደም፣ ለድንበር፣ ለባልና ሚስት ጠብ ይላካል። ለተሰላፊነት ሽማግሌ ሲላክ ግን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እነሱ ግን ትልቅ ብልሃት ያገኙ መሰላቸው። የዕድሩን ዳኛ፣ አንድ የተከበሩ ቄስና አንድ የቀድሞ ወታደር መረጡ። ወታደሩ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች አሰልጣኟ በር ላይ ደረሱ። ግንበኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ሴትዮዋ ደንግጣ «ግቡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለች።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። «የስመኝን ነገር ይዘን ነው የመጣን። ልጅቱ ትሰለፍ።»

«አባቶቼ፣ ልጅቱ አልደረሰችም። ከማናቸውም የበለጠ ተስፋ አለኝ በእሷ፤ ግን ገና ነች። ዘላ መውረዱን አልጨረሰችም።»

«እኛም ቆመናል» አሉ የዕድሩ ዳኛ።

አሰልጣኟ በሩን ይዛ ቆመች። ጊዜው ረዘመ። የሽማግሌው ወታደር እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሷም ዓይኗ እዚያ እግር ላይ አረፈ። በዋንጫ የማትረታ ሴት በዚያ እግር ተረታች።

«ተቀመጡ» አለች በመጨረሻ። «እናንተን በር ላይ አቁሜ የት እደርሳለሁ? ከቅዳሜ ጀምሮ ትሰለፋለች። ለእናንተ ሰጥቻችኋለሁ።»

መረቋት። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ምን እንዳስወሰነ አላወቀም።

በሽማግሌ ያለቀ ነገር ተመልሶ አይነሳም፤ ይህ ሕጋችን ነው። ያቺ ሴት ደግሞ ቃሏን የምታከብር ናት። «አልደረሰችም» ብላ ተከራክራ በሽማግሌ ተረትታለች። ከዚያ ወዲያ ልጅቱን «እዚህ ላይ ተሳስተሻል» ብትላት ያለቀውን ነገር መቀስቀስ፣ የሽማግሌዎቹንም ቃል ማፍረስ መሰላት። ስለዚህ ተወቻት።

ቅዳሜ ስመኝ ተሰለፈች። የመጀመሪያዋን ኳስ ስትመታ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ግንበኛው አለቀሰ። ልጅ ያሳደገ ሰው በዚያ እንባ አይፈርድበትም። አራት አምስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከዚያ ተጋጣሚዎቿ አወቋት። የምትመታው ወደ አንድ ማዕዘን ብቻ ነበር፤ እነሱም እዚያ ቆመው ይጠብቋት ጀመር። ከአንድ ማዕዘን ወደ ሌላው መዞር ማን አስተማራት? ጊዜዋ ገና ነበራ።

ልጅቱ ግን ከምቷ ይልቅ ሌላ ነገር አስተውላ ነበር። በልምምድ ሰዓት አሰልጣኟ ግራ ቀኙን ትጮሃለች፣ አንዷን «ጉልበት!» ሌላዋን «ዓይንሽ!» ትላለች፤ እሷ ዘንድ ስትደርስ «ጎበዝ» ብላ ታልፋለች። በአንድ እግሯ ትወርዳለች፤ «ጎበዝ»። ዘግይታ ትመጣለች፤ «ጎበዝ»። አንድ ቀን ሆን ብላ ኳሱን አጥር አሻግራ ወረወረችና ቆማ ጠበቀች። አሰልጣኟ ወደ መሬት እያየች «አይዞሽ» አለቻት። በዚያ ፀሐይ ልጅቱን ብርድ ብርድ አላት።

«አባዬ፣ አትቆጣኝም እኮ» አለችው ማታ ራት ላይ።

«ታዲያ ምን ፈለግሽ? እሱን ብለሽ አይደል ያለቀስሽው?»

ልጅቱ ከማዕዱ እጇን አነሳች። አባቷም እንጀራውን ጎረሰ።

ደጋፊው ደግሞ ፊቱን ለማዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ፀጉር አስተካካዩ «አንድ ምት ብቻ ናት ለካ!» አለ። «አሰልፏት» ብሎ ሲጮህ የከረመው ሾፌር «አስወጧት» ብሎ ጮኸ። ባለፋርማሲው ግንበኛውን አቅፎ «ልጅህን ያበላሸቻት ይቺ ሴት ናት። አሁኑኑ አዛውራት» አለው። ግንበኛውም ሰማው። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ልጁን ዋንጫ ወዳለበት ወደዚያ ወደ ሌላው ከተማ ኮሌጅ አዛወራት።

እዚያ ሦስት ጨዋታ ተሰለፈች። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አዲሱ አሰልጣኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተጫዋች የሞላው ሰው ነበር። ስሟን እንኳ በደንብ አልያዘውም፤ «ረጅሟ» ነበር የሚላት። አባቷ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ሊያያት ቢሄድ፣ እዚያ ያለው ደጋፊ የሌላ ሰው ልጅ ስም እየጠራ ሲጮህ አገኘው። ለስመኝ የሚጮህ አንድ ሰው አልነበረም። ስትወርድ ጉልበቷን አጠፈች አላጠፈች ብሎ የሚያያትም አልነበረም።

አራተኛውና የመጨረሻው ዓመት ሊጀመር ሲል ልጅቱ ለእረፍት ቤቷ መጣች። በማግስቱ ማለዳ አባቷ ግቢ ከተከመረው የግንብ ድንጋይ አንዱን መረጠችና ማጅራቷ ላይ ተሸክማ ወጣች። ግንበኛው በመስኮት አያት። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን እንደሚሄድ ያውቃል። «የት ነው? ሰው ምን ይለናል?» እያለ በጫማው ሳይሆን በነጠላ ጫማው ተከተላት። ኮሌጁ ሜዳ ሲደርስ ግን መግባት አቅቶት ከግድግዳው ኋላ ቆመ።

አሰልጣኟ አዲሶቹን ልጆች ከመቀመጫው ላይ እያዘለለች ነበር። ስመኝ መሃል ሜዳ ገብታ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያሰልፉኝ ብዬ አይደለም። እንዲቆጡኝ ነው የመጣሁት።»

ደንቡ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን ማውረድ ነው። አሰልጣኟ አላወረደችውም። ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ግንበኛው ከግድግዳው ኋላ አንገቱን አስግጎ ያያል። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ፤ ገበያው ድረስ የሚሰማው።

«ድንጋይ እንዲህ ነው የሚያዘው? ወገብሽን ምን አጎበጠው? ጉልበት! ጉልበትሽን እጠፊ! ያን ሁሉ ቅዳሜ በአንድ እግርሽ ስትወርጂ፣ እኔ ከንፈሬን ነክሼ፣ ዛሬ ትሰበራለች ነገ ትሰበራለች እያልኩ...»

ስመኝ ከድንጋዩ ሥር ጉልበቷን እያጠፈች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያ ለቅሶ የደስታ ነበር። አሰልጣኟ እያነከሰች መጥታ ድንጋዩን በራሷ እጅ አወረደችላት።

«የቡድኑ ጊዜ አልፎብሻል» አለቻት። «ስምሽ የሌላ ኮሌጅ ነው፤ ይህም ዓመት የመጨረሻሽ ነው። ልሰጥሽ የምችለው ሜዳ የለኝም። እስከ እረፍትሽ ማብቂያ ግን ማለዳ ማለዳ ነይ፤ ከእነዚህ ሕፃናት ጋር ትዘልያለሽ።»

ልጅቱ መጣች፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፋ ዘለለች። ለዚያ ቡድን ግን ዳግመኛ አንድም ጨዋታ አልተጫወተችም። ልትሆን የምትችለውን ተጫዋች ማንም አላያትም፤ እሷም ራሷ አላየቻትም። ግንበኛው ከግድግዳው ኋላ ሁሉን ሰምቶ፣ በዓለም ላይ ለልጁ የሚጮህላት አንድ ድምፅ እንደነበረና እሱን ዝም ያሰኘው ራሱ እንደሆነ ገባው። «እኔ ነኝ ያፈንኩት» አለ ለብቻው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «እህ፣ ልጅህ እንዴት ናት?» ቢለው ሳይመልስለት አለፈ።

አየህ፣ አያልነህ፤ ያ ግንበኛ አንተ ነህ። ሽማግሌ ገና አልላክህም እንጂ ጓደኞችህ መርጠው ጨርሰዋል። ደጋፊ ልጅህን ይወዳታል፤ ፍቅሩ ግን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ስትወድቅም የሚያነሳት እሱ አይደለም። አዛውራት አልልህም፣ ተዋትም አልልህም። ዛሬ ቤትህ ስትገባ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃት፤ «አሰልጣኝሽ ይቆጣሻል ወይ?» በላት። «አይ፣ እኔን ዝም ነው የሚለኝ» ካለችህ ሳይመሽ ሻንጣዋን አዘጋጅ፤ እኔም መጥቼ እሸከምልሃለሁ። «ከሁሉም እኔን ነው የሚቆጣው» ብላ ካለቀሰችብህ ግን እንባዋን ጥረግላትና ነገ ማለዳ መልሰህ ላካት።