«እንብላ» የማያሰኝ ሐረግ

ስሙኝማ፤ ያልሰማ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

ወሊሶ ውስጥ ወይዘሮ ይርገዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ግቢያቸው መንገድ ዳር ነው፤ አጥሩ ወድቋል። የሚበላ ሰው ደግሞ ለሚያልፍ ሰው «እንብላ» ማለት አለበት። ማክሰኞ ዕለት ሃያ ሦስት ጊዜ «እንብላ» አሉ። አሥራ ዘጠኙ «ይባረክ» ብለው አለፉ፤ አራቱ ገቡ። ለወይዘሮ ይርገዱ የቀረው የቀዘቀዘ ሽሮ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ በትኩሱ ልብላ!» ብለው አጥሩን የሚሸፍን ሐረግ ፍለጋ ችግኝ ሻጯ ትርንጎ ዘንድ ሄዱ።

«ምን ዓይነት ሐረግ፣ እትዬ?»

«እሾህ ያለው። የሚያስፈራ።»

«ቡገንቪላ ነዋ!»

ቡገንቪላዋን አመጡና «ውጪ፣ ሸፍኚኝ» አሏት። «ሽቦ ካልተወጠረልኝ አልወጣም» አለች። ሐረጓ አልወጣ አለች፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

ሽቦውን «ተወጠር» አሉት። «ቋሚ ካልያዘኝ አልወጠርም» አለ። ሽቦው አልወጠር አለ፣ ሐረጓ አልወጣ አለች፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

ቋሚውን «ቁም» አሉት። «ጉድጓድ ካልተቆፈረልኝ አልቆምም» አለ። ቋሚው አልቆም አለ፣ ሽቦው አልወጠር አለ፣ ሐረጓ አልወጣ አለች፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

መሬቱ ጭንጫ ነው። «ያለ ዲጂኖ አልቆፈርም» አለ። ዲጂኖ የተባለው ከባድ የመቆፈሪያ ብረት ያለው እድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፉ አቶ ደምሰው እጅ።

«አቶ ደምሰው፣ ዲጂኖውን ላንዳፍታ ያውሱኝ።»

«ያለ ዳኛው ቃል አልከፍትም፣ እትዬ።»

«ሰው እስኪሞት ልጠብቅ?»

«እሱስ ቢሆን ቶሎ ይከፈት ነበር።»

አቶ ደምሰው አልከፍት አሉ፣ መሬቱ አልቆፈር አለ፣ ቋሚው አልቆም አለ፣ ሽቦው አልወጠር አለ፣ ሐረጓ አልወጣ አለች፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ንጋቱ ከመንገዱ ማዶ ስድስት ቀፎ ንብ አላቸው።

«ምን ልትተክዪ ነው?»

«ቡገንቪላ።»

«እሷንማ ንቤ አይቀምሳትም። ሄደሽ እዪ።»

«ለንብም ምሳ የማቀርበው እኔ ነኝ?»

«ንብ የማያበላ አበባ ከሆነ ቃል አልሰጥም።»

ጋሽ ንጋቱ ቃል አልሰጥ አሉ፣ አቶ ደምሰው አልከፍት አሉ፣ መሬቱ አልቆፈር አለ፣ ቋሚው አልቆም አለ፣ ሽቦው አልወጠር አለ፣ ሐረጓ አልወጣ አለች፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

ወይዘሮ ይርገዱ የሰው ወሬ አያምኑም። ትርንጎ ዘንድ ተመልሰው ቁጭ አሉና ቆጠሩ። ቡገንቪላው ላይ አንድም ንብ የለም። አጠገቡ ያለው የፓሽን ፍሩት ሐረግ አበባ ላይ አሥራ አንድ።

«ቡገንቪላዋን በዚህች ቀይሪልኝ።»

«እሾህ የላትም እኮ፣ እትዬ!»

«ንብ አላት።»

ያን ጊዜ ጋሽ ንጋቱ ቃል ሰጡ፣ አቶ ደምሰው ከፈቱ፣ ዲጂኖው ወጣ፣ መሬቱ ተቆፈረ፣ ቋሚው ቆመ፣ ሽቦው ተወጠረ፣ ሐረጓም ወጣች። ወጥታም አልቀረች፤ በስምንት ወር አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አለበሰችው።

አበባው ፈነዳ፣ ንቡ ሰፈረበት። መንገደኛው የንቡን ድምፅ ሲሰማ ነጠላውን ተከናንቦ በማዶው ጠርዝ ይሮጣል። ወይዘሮ ይርገዱ ምሳ አቀረቡ። ከልማድ ወደ መንገዱ ቀና አሉ፤ የሚታየው ቅጠል ብቻ። ጎረሱ።

ምላሳቸውን አቃጠላቸው።