የእማማ ኤሊ ስለት

ተረት ተረት፤ ተረቴ እያዘገመ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት።

እማማ ኤሊ፣ "እንቁላሎቼ ከተፈለፈሉልኝ በእግሬ መጥቼ ከተቀደሰው ምንጭ እጠጣለሁ" ብላ ተስላ ነበር። ልጆቿ በደህና ሲፈለፈሉላት የምንጩ በዓል ደረሰና መንገድ ጀመረች። አንድ ፈረስ በግልቢያ ሲያልፍ አይቷት ቆመ።

"እማማ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ። በዓሉ ያመልጥዎታል።"

"ተባረክ ልጄ። የተሳልኩት በእግሬ ልመጣ ነው፤ በእግርህ አላልኩም።"

አዝግማ አዝግማ በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ምንጩ ዳር ከእንቁራሪት በቀር ማንም አልነበረም።

"እማማ፣ በዓሉ እኮ አለፈ" አለች እንቁራሪት አዝና። "ሁሉም ተጋፍቶ ውሃውን አደፈረሰና ጭቃ ጠጥቶ ሄደ።"

ኤሊ ጎንበስ አለች። ውሃው ሰንብቶ ጠርቷል፤ የገዛ ፊቷን አሳያት። ፈጣሪዋን አመስግና እስክትረካ ጠጣችና ቀና አለች።

"የማን በዓል ነው ያለፈው፣ ልጄ?"