ለአንጓች ባትሪ ቀይ ሽፋን

ጆሯችሁን ቀና አድርጉልኝ፤ የአንጓችን ነገር ላውጋችሁ።

አንጓች ንብ አናቢ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉንዳን ቀፎዋ የተሰቀለበትን ዋንዛ ሲወጣ አየች። ጉንዳን ቀፎ ከደረሰ ማሩም ንቡም አለቀ! ቀፎውን ንቡ ሲሰበሰብ፣ አመሻሹ ላይ፣ ወደ ሌላ ዛፍ ማዛወር አለባት። ግን ንብ ነጭ ብርሃን ካየ ይተምበታል። አምና ዓይኗ እስኪጨፈን ነድፏታል። ቀይ ብርሃን ግን አያየውም።

"የባትሪዬን መስተዋት የምትሸፍን ቁራጭ ቀይ ላስቲክ ባገኝ!" አለችና ባትሪዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ገበያ ሮጠች።

ቀይ ላስቲክ ያለው ልብስ ሰፊው ጋሽ ስማቸው ዘንድ ነው። "ልጄ፣ በሰጠሁሽ፤ ግን መቀሴ ዶልዱሟል፤ ካልተሳለ አልቆርጥም" አሏት።

መቀሱን ይዛ ቢላ ወደሚስለው ወደ ይታይህ በረረች። "ይታይህ ወንድሜ፣ ሳልልኝ! መቀስ ካልተሳለ ላስቲክ አይቆረጥ፤ ላስቲክ ካልተቆረጠ ባትሪ አይቀላ፤ ባትሪ ካልቀላ ቀፎ አይወርድ!"

"ጠፍሩ ተበጥሶ መሳያዬ አይዞርም" አላት። "ጠፍር አምጪ።"

ወደ ቆዳ ሠሪዋ ወደ እትዬ ብርቄ። "እትዬ፣ ጠፍር ይቁረጡልኝ! ጠፍር ካልተቆረጠ መሳያ አይዞር፤ መሳያ ካልዞረ መቀስ አይሳል፤ መቀስ ካልተሳለ ላስቲክ አይቆረጥ፤ ላስቲክ ካልተቆረጠ ባትሪ አይቀላ፤ ባትሪ ካልቀላ ቀፎ አይወርድ!"

"ከምኑ ልቁረጥልሽ?" አሉ እትዬ ብርቄ። "የጨው ነጋዴው አህያ ቆዳዬ ላይ ተኝቷል። አተላ ካልሸተተው አይነሳም።"

አንጓች ጆሮውን ጎተተች፣ ለመነች፣ "አያ አህያ፣ በሞቴ!" አለች። አህያው እቴ!

ወደ ጠላ ሻጯ ወደ ጥሩዬ ደረሰች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ጥሩዬ እህቴ፣ አተላ! አተላ ካልተቀዳ አህያ አይነሳ፤ አህያ ካልተነሳ ጠፍር አይቆረጥ፤ ጠፍር ካልተቆረጠ መሳያ አይዞር፤ መሳያ ካልዞረ መቀስ አይሳል፤ መቀስ ካልተሳለ ላስቲክ አይቆረጥ፤ ላስቲክ ካልተቆረጠ ባትሪ አይቀላ፤ ባትሪ ካልቀላ ቀፎ አይወርድ፤ ጉንዳኑ ግን እየወጣ ነው!"

"አተላውስ ሞልቷል" አለች ጥሩዬ። "ጋኑ ግን ጓዳ ነው። ጠዋት እባብ ገብቶበታል፤ በጨለማ እጄን አልሰድም። መብራት ያለው ሰው እየጠበቅሁ ነው።"

አንጓች ብብቷን ዳበሰችና ሳቋ አመለጣት። ባትሪዋን አወጣች፤ ቦግ አደረገችው። እባብ የተባለው ጥቅልል ገመድ ኖሯል!

ከዚያማ ማን ይያዛት! አተላ ተቀዳ፤ አህያ ተነሳ፤ ጠፍር ተቆረጠ፤ መሳያ ዞረ፤ መቀስ ተሳለ፤ ላስቲክ ተቆረጠ፤ ጋሽ ስማቸው በክር ጠፍረው አሰሩላትና ባትሪ ቀላ!

ጀምበር ስትጠልቅ አንጓች ዋንዛው ላይ ነበረች። ቀዩ ብርሃን ቀፎው ላይ አረፈ። ንቦቹ ውስጥ ሆነው አጉረመረሙ እንጂ አንዲትም አልወጣች። ቀፎውን በገመድ አወረደች፤ አጠገቡ ያለ ወይራ ላይ ሰቀለች፤ ግንዱን ዙሪያውን አመድ ነሰነሰችበት። ጉንዳኑ ዋንዛው ጫፍ ሲደርስ ባዶ ቅርንጫፍ ጠበቀው።

ከቀፎው የተንጠባጠበ ማር ባትሪዋ ላይ ፈስሷል። ላስቲኩን ፈታችና ላሰችው፤ የባትሪው መስተዋት ጠብታ አልነካውም።

የእኔም ወግ ከዛፉ ወረደች፤ ማር የነካው ጣቱን ይላስ!