በበረዶ ላይ የታተመ ካርድ

ብርዱ ወንዝን እንደ ድንጋይ በሚያጠጥርበት አገር አንዲት ምላሷ የሰላ አታሚ ነበረች። ወንዙ በረዶ በሆነ ቁጥር በላዩ ገበያ ይቆማል። እሷም የማተሚያ መኪናዋን ጎትታ ታወጣና የገበያተኛውን ስም፣ ከሥሩም «በወንዙ ላይ ታተመ» የሚል ቃል በካርድ እያተመች ትሸጣለች። «በውኃ ላይ ተራምጃለሁ» ብሎ ለልጅ ልጁ ማስረጃ ማሳየት የማይፈልግ ሽማግሌ አልነበረም።

አንድ ቀን የከተማው ሹም ካባቸውን አንዠርግገው፣ ዘበኞች አስከትለው መጡ። ካርድ ለመግዛት የቆመውን ሰልፍ ጥሰው ፊቷ ቆሙ።

«አንቺ፣ በማን ፈቃድ ነው የምታትሚው?»

«ፈቃድ ለከተማው መሬት መስሎኝ፣ ጌታዬ። ይሄ እኮ ወንዝ ነው።»

«ወንዙም የኔ፣ በረዶውም የኔ ነው። መኪናዋን ውሰዱ።»

ዘበኞቹ መኪናውን አነሡት። ከሱ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። እሷ ግን ወደ ሰልፈኛው ዞረች።

«እሰይ፣ ባለቤቱ ተገኙ። እዚህ በረዶ ላይ አዳልጧችሁ ወገባችሁን የተመታችሁ፣ ጥርሳችሁ የረገፈ፣ ኑና አቤት በሏቸው።»

ሰልፉ በሙሉ እያነከሰ ወደ ሹሙ ተንቀሳቀሰ። አንዱማ የወለቀ ጥርሱን ከኪሱ አውጥቶ ያሳያቸው ጀመር።

ሹሙ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «በረዶ የእግዜር ነው፤ መቼ የኔ ነው አልኩ? መኪናዋን መልሱላት።»

አታሚዋ ወዲያው የሹሙን ስም፣ ከሥሩም «በእግዜር በረዶ ላይ ታተመ» ብላ አተመችና ካርዱን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ሹሙ ካርዱን እያነበቡ ሲሄዱ እግራቸው ከዳቸውና በቂጣቸው ዘጭ አሉ። በንዴት ቀና ብለው ሲያዩዋት እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ አቤቱታዎን ለባለቤቱ ያቅርቡ።»