ኮሶ የሌለበት ኮሶ አበበ

ከቀበሌያችን በላይ ያለው ጋራ ስሙ ኮሶ አበበ ነው፤ ታዲያ እግር እስኪነቃ ቢዞሩት አንድ የኮሶ ዛፍ አይገኝበትም። ያለው የውርጭ አገሩ ጅብራ፣ የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር ብቻ ነው። ኮሶ የሌለበት ጋራ እንዴት በኮሶ ተጠራ ቢሉ፣ ሽማግሌዎች ነገሩን የሚጀምሩት ከትርንጎ ነው።

ትርንጎ፣ እንደሚነገረው፣ ባሏን በቀበረች ማግስት ቤቷን ዘግታ የተኛች፣ ተዝካሩ ወጥቶም ያልተነሣች ሴት ነበረች። ትኩሳት የላት፣ ቁስል የላት፤ ብቻ እህል አልወርድ ብሏት፣ ሁለት ዙር ይዞራት የነበረው መቀነቷ አራት ዙር መዞር ጀመረ። ወንድሟ ሁለተኛ መቃብር ልቆፍር ነው ብሎ ፈራና በበቅሎ ጭኖ መድኃኒት አዋቂዋ እሜቴ ይመኙሻል ደጅ አወረዳት። እሜቴ በአገሩ ያልፈወሱት ሰው የለም ይባላል፤ የገዛ ጉልበታቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸው፣ ሥር ይምሱበት የነበረውን ጋራ ከረገጡት ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር።

እጇን ዳበሱ፣ ዐይኗን ገልጠው አዩና፣ «መድኃኒትሽ ጋራው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ውጪና ያየሽውን መጥተሽ ንገሪኝ፤ ወሬውን ሰምቼ ነው መድኃኒቱን የምትወስጂበትን ቀን የምቆርጥልሽ» አሏት። ወንድሟ ሥር ወይ ቅጠል ጠብቆ ነበርና ቅር አለው፤ ቢሆንም እሳቸው ዘንድ ትቷት ሄደ።

ትርንጎ መውጣት ቀርቶ መቆምም ሰልችቷታል። በማግስቱ ከአጥሩ ጀርባ ካለው ቋጥኝ ሥር ተኮራምታ ቆየችና ተመለሰች።

«ምን አየሽ?»

«ምንም፤ ሣር ነው እሜቴ።»

«እሺ። ነገም ሂጂ።»

በሁለተኛው ቀን ወሬዋን ላሳምር ብላ፣ «ኮሶው አብቧል» አለች።

«የትኛው ኮሶ?»

«ያ ትልቁ፤ አናቱ ላይ ያለው።»

«የኔ ልጅ፣ ያን ኮሶ መብረቅ የጣለው እኔ ሳልዳር ነው። አባቴ ጠርበው በር አደረጉት፤ ይኸው ተደግፈሽው ቆመሻል።»

ትርንጎ ዞር ብላ በሩን አየችውና፣ መቼም ሰው ነች፣ ሳቅ አመለጣት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። በሳቋ ደንግጣ ደግሞ አለቀሰች፤ እሜቴም ሳይከለክሏት እስኪወጣላት አጠገቧ ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን እፍረቱ ገፍቶ ጋራውን አወጣት። እየተቀመጠች እየተነሣች አናቱ ላይ ስትደርስ፣ የአበባ ዘንጉን መስደድ የጀመረ ጅብራ አገኘች፤ ገና ከጉልበቷ አላለፈም። ይህን ስትነግራቸው እሜቴ ከመደባቸው ቀና ብለው፣ «በምንጩ በኩል ያለው? እኔ ስተወው እኮ ጎመን ያህል ነበር» እያሉ ያጣድፏት ጀመር። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ወሬው ሳይመጣ ቁርስ አልበላም ይላሉ፤ እሷም አሮጊት እንዳታስርብ ትፈጥናለች። ጅብራው ወገቧ ላይ ሲደርስ ትርንጎ ቆሎ ቋጥራ መውጣት ጀመረች፤ ከራሷ በላይ ሲሆን መቀነቷ ወደ ሁለት ዙሩ ተመለሰ። ባሏን አልረሳችም፤ የምታለቅሰው ግን ጋራው ላይ፣ ንፋስ እየመታት ሆነ።

«እሜቴ፣ መድኃኒቱን መቼ ነው የሚሰጡኝ?» ብትላቸው፣ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጅብራው አበበ ወይ?» አሏት ይባላል። ከሁለቱ ማን ማንን እንዳከመ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ተከራክረው አልጨረሱም።

ዛሬም የጤና ጣቢያችን ነርስ ልቡ ለከበደው ሰው ከክኒኑ ጋር «ጋራ፣ በቀን አንዴ፣ ጠዋት» ብላ ትጽፋለች። መውጣት ላቃተው ደግሞ፣ ጎረቤት ወጥቶ ወሬውን ያመጣለታል። ሳይወጣ የወጣ መስሎ የሚያወራ ከተገኘ ግን፣ ታማሚው ራሱ ከተኛበት ቀና ብሎ «ኮሶው አበበ?» ይለዋል፤ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ ዋሾውም ዱላውን አንሥቶ ወደ ጋራው ይወጣል።