በኤሊ አንገት ላይ የተንጠለጠለው መድኃኒት

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ተረቴን ልጀምር ነው።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ከእኛ የተሻለ በሚናገሩበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ጫካ ውስጥ ማር ቆራጮች ነበሩ። ቀፎአቸውን የሚሰቅሉት ከቀረሮ ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። አለቃቸው አያ ዝንጀሮ ነበር። አለቃ የሆነው ዛፍ መውጣት ስለሚችል እንዳይመስላችሁ! ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ነው።

እነዚህ ጠቢባን አንድ ደንብ ነበራቸው። ደም የሚያቆም ቅጠልና የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ያለበት ከረጢት ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። ጠባቂዋ ማን ናት? እመት ኤሊ! «ኤሊ ታማኝ ናት፣ ይዛው አትሮጥም» ብለው አንገቷ ላይ አሰሩት፤ ከእሷ በቀርም ማንም እንዳይነካው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አትሮጥም።

እመት ጉሬዛን ግን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳት። ባሏ ከቆራጮቹ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚወጣው ነበርና፣ እሱ በወጣ ቁጥር እሷ ትጨነቃለች። አንድ ቀን ወደ አለቃው ሄደች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ባሌ ትንሽ መድኃኒት ወገቡ ላይ ቋጥሮ ቢወጣ ምን ችግር አለው?»

«ኧረ በስማም በይ! መድኃኒት ይዞ መውጣት መውደቅን መጥራት ነው። አታሟርቺበት!»

ሁለተኛ ሄደች። «እሺ፣ አንዲት እፍኝ ቅጠል ብቻ?»

«ይከብደዋል!» አላት። አንድ ገንቦ ሙሉ ማር አዝሎ የሚወርድ ባል እፍኝ ቅጠል ይከብደዋል! እንዲህ የሚያዝን አለቃ ለሁሉም ይስጠው።

ሦስተኛ፣ ቆራጮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሄደች። አያ ዝንጀሮ ጎፈሩን አበጠረ። «አንቺ ሴት፣ እስቲ ልጠይቅሽ። ከዛፍ የወደቀ የት ነው የሚያርፈው?»

«መሬት።»

«መድኃኒቱስ የት ነው ያለው?»

«መሬት።»

«ታዲያ ተገናኙ አይደለም እንዴ!»

የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበለት። እመት ጉሬዛ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

የማር ቆረጣው ቀን ደረሰ፤ እመት ጉሬዛም ከዛፉ ሥር ቆማ ሽቅብ ታያለች። አያ ጉሬዛ ወገቡን በሐረግ ከቅርንጫፍ ጋር አስሮ ቀፎውን ሲከፍት፣ ቢላዋው አመለጠውና ጭኑን ሰነጠቀው። ሐረጉ ያዘውና አልወደቀም። ደሙ ግን ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተንጠባጠበ ወረደ።

«ኧረ ድረሱልኝ! እየደማሁ ነው!»

«ውረድና ታከም!» አለው አያ ዝንጀሮ ከታች።

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ አልችልም!»

«እንግዲህ ምን ላድርግህ? ደንቡ የሚያውቀው የወደቀን ነው፤ አንተ ደግሞ አልወደቅህም!»

«እኔ እሱን እንጂ ደሙን መያዝ አልችልም፣ ፍጠኑ!» ብሎ ሐረጉ ጮኸ።

«እመት ኤሊ፣ ይዘሽ ውጪ!» ተባለ። ኤሊ ግንዱን ያዘች፣ ተንሸራተተች። ደግማ ያዘች፣ ተንሸራተተች። በሦስተኛው በጀርባዋ ተገለበጠች። «ተዉአት፣ እየሞከረች ነው» አሉና ሽማግሌዎቹ ለስብሰባ ተቀመጡ። ሌሎቹ ቆራጮችም ደንብ አክባሪዎች ናቸውና እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

ይሄኔ ከረጢቱ ከኤሊ አንገት ላይ ጮኸ። «እመት ጉሬዛ፣ ኧረ አውጪኝ! እኔ የተሰፋሁት ለቁስል ነው ወይስ ለኤሊ ማጌጫ?»

የባሏ ድምፅ እየደከመ ሲመጣ አላስቻላትም። ማሰሪያውን በጥርሷ በጠሰች፣ ከረጢቱን ነክሳ ወጣች። አያ ዝንጀሮ «ደንብ! ደንብ!» እያለ ከታች ቀረ።

ባሏን ዓይኑ ፈዞ አገኘችው። «መጣሽ?» አላት።

«ዝም በል፣ እግርህን ስጠኝ» አለችው። እያለቀሰች ቅጠሉን ጭና፣ ጨርቁን ጠምጥማ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ደሙ ቆመ።

አውርዳው ገና ሳታስቀምጠው አያ ዝንጀሮ ተነሣ። «ደንብ ጥሰሻል፣ ትቀጫለሽ!»

«ቆሜ ብጠብቅ ኖሮስ?»

«ባልሽ በደንቡ መሠረት ይሞት ነበር፤ እኛም በክብር እንቀብረው ነበር!»

እመት ጉሬዛ ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያው ክብሩን ለራስህ አስቀምጠው። እኔ ባሌን ይዤ ልግባ» ብላው ሄደች።

ደንቡ ተሻረ ወይ? ምን በወጣው! ብቻ ከዚያ ወዲህ ዛፍ የሚወጣ ሁሉ ወገቡ ላይ የሆነ ነገር አበጥ ብሎ ይታያል። ምንድን ነው ሲሉት «ምሳዬ ነው» ይላል። ምሳን የሚከለክል ደንብ የለምና አያ ዝንጀሮም ደስ ብሎት ይኖራል።

እናንተ ግን ልብ በሉ፦ ላይ ለሚደማ፣ ታች ያለ መድኃኒት ወሬ ነው።