ውሃ የቋጠረው ጣሪያ

አንድ የመኪና ጣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ ወንድይራድ ይባላል። ፀሐይዋ ቀልድ በማታውቅበት አንድ ቆላ ከተማ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አጥር እንጂ በር የሌለው ጋራዥ ነበረው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ፋይበር የሚጠግን ግን እሱ ብቻ ነው። ፋይበር ማለት የመስታወት ክር በሙጫ ተደራርቦ ሲደርቅ የሚወጣው ጠንካራ ነገር ነው። የውሃ ታንከርም ጀልባም ይሠሩበታል። የወንድይራድ ሥራው ጥሩ፣ ቀጠሮው መጥፎ ነበር። "ማክሰኞ ና" ይልሃል፤ የየትኛው ወር ማክሰኞ እንደሆነ ግን አይነግርህም።

እዚያው ከተማ ጋሽ ደምለው የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሾፌር ይኖሩ ነበር። ድሮ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ይነዱ ነበርና ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱን መኪና ትቶላቸው ሄደ። የስፖርት መኪና ናት። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት። ጣሪያዋ እንደ ድስት ክዳን ተነቅሎ የሚነሳ ፋይበር ነው። አሁን አርጅታለች። ጋሽ ደምለውም አርጅተዋል። ሲገቡባት መኪና ውስጥ የሚገባ ሳይሆን አልጋ ላይ የሚጋደም ሰው ይመስላሉ፤ ለመውጣት ደግሞ የሚጎትታቸው ሰው ይፈልጋሉ።

"በጠባብነቷ አትሙብኝ" ይላሉ። "ወንበሯ ሁለት ነው፤ ቤተሰቤም ሁለት ነው።"

ሁለተኛው ሰው ልጃቸው ሚልኪያስ ነው። እናቱ ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር። አባትየው በዚያች መኪና ጎናቸው አስቀምጠው እያመላለሱ አሳደጉት። አድጎ ስልክ በማይሠራበት በረሃ፣ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል። የሚደውለው ወደ ከተማ ብቅ ሲል ብቻ ነው። መጨረሻ የደወለ ጊዜ "ለፋሲካ እመጣለሁ፤ በመኪናችን መናኸሪያ ጠብቀኝ። አሳምረሃት ጠብቀኝ ታዲያ" አላቸው።

ጋሽ ደምለውም ጣሪያውን ነቅለው፣ ተሸክመው፣ ወንድይራድ ጋ መጡ።

"እየው እስቲ ወንዴ፤ መኪናዬ ኩፍኝ ወጣባት።"

እውነትም ጣሪያው እዚህም እዚያም ውሃ ቋጥሮ አብጧል። ወንድይራድ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

"ጋሼ፣ ይሄ ከላይ የመጣ አይደለም። ከሥር እርጥበት ገብቷል። ፀሐይ ሲመታው ያ እርጥበት መውጫ ያጣና ቀለሙን ይነፋዋል።"

"ታዲያ ላዩን ቀባ ቀባ አድርገዋ።"

"መቀባቱ ቀላል ነው። ይዘዋት ሲወጡ ሰው ሁሉ ያጨበጭብልዎታል። ሳይሰነብት ደግሞ ተመልሶ ይነፋል። መድኃኒቱ እብጠቱን መክፈት፣ የተበላሸውን ፍቆ ማውጣት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው።"

"ምን መጠበቅ?"

"እስኪደርቅ።"

"መድረቁን በምን ታውቃለህ? አይናገር።"

ወንድይራድ ከመሬት አንድ የፌስታል ቁራጭ አነሳ። "ይሄንን ከላዩ አድርጌ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገዋለሁ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ነው። ፌስታሉን ከውስጥ በኩል ላብ ካላበው፣ ጣሪያው ገና ነው። ላብ ከሌለው ደርቋል። ጣሪያ አይዋሽም ጋሼ። የሚዋሽ ጠጋኙ ነው።"

ጋሽ ደምለው ሳቁ። "አንተማ ዶክተር ነህ።"

"ዶክተር ብሆንማ በቀጠሮዬ የሚስቅብኝ አልነበረም።"

ሥራው ተጀመረ። ወንድይራድ እብጠቶቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው። ከአንዳንዱ ውስጥ የከረመ ውሃ ኩልል ብሎ ወረደ። ፋቀው፣ ጠራረገው፣ ፌስታሉን አሽጎበት ፀሐይ ላይ አሰጣው።

ጣሪያው ገና ላብ እያላበው ሳለ የጋሽ ደምለው እህት የውብዳር መጣች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ፊቷ ግን ለብሶ ነበር።

"ወንዴ፣ ሚልኪያስ የለም" አለችው።

"የት ሄደ እትዬ?"

"የለም እልሃለሁ።"

ግሬደሩ ገደል ገብቶበት ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ሄዶ እናቱ አገር፣ ከእናቱ ጎን ቀበረው። ለጋሽ ደምለው "ለንግሥ ነው የምንሄደው" አሏቸው። እሳቸውም "እኔ እንኳ መንገዱ አይሆንልኝም፤ ይሄን አብሩልኝ" ብለው አንድ እስር ጧፍ ገዝተው ሰጧቸው።

አገራችን ላይ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። የሚያረዱት ዘመዶች ይሰበሰባሉ፣ ይመካከራሉ፣ በማለዳ አብረው ይሄዳሉ። ሰውየው ዱብ ዕዳውን ብቻውን እንዳይቀበለው ነው። ደግ ደንብ ነው። ነገር ግን ጋሽ ደምለው ልባቸውን ያማቸው ነበርና ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ አስጠንቅቋል። የውብዳርም "ትንሽ ይጠንክር፤ ፋሲካውን በሰላም ይዋል፤ ከዚያ እናረዳዋለን" አለች። ዘመዱም ጎረቤቱም ተስማማ።

"እና እኔ ምን ላድርግ?" አላት ወንድይራድ።

"ጣሪያውን አትጨርስበት። ጣሪያው ላይ ችግር እስካለ ድረስ ሐሳቡ እሱ ላይ ነው። ያለቀለት ቀን ስለ ልጁ መጠየቅ ይጀምራል።"

"ሥራ አለመጨረስስ ለኔ አይከብደኝም፤ አገር ይመሰክራል" አለ ወንድይራድ። አፉ ስለለመደ ነው እንጂ ሊቀልድ ፈልጎ አልነበረም። ሁለቱም አልሳቁም።

ጣሪያውን ከፍቶ እንዳይተወው፣ በዚያች ፀሐይ መድረቁ ነው፤ ከደረቀ ደግሞ ሰበብ የለም። ስለዚህ ወንድይራድ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ሠራ። ፌስታሉን ገነጠለና እርጥቡን ጣሪያ ደፈነው። ላዩን ቀይ ቀለም ቀባው። ያበራል። ጋሽ ደምለው ጣሪያው ላይ ፊታቸውን እያዩ ጺማቸውን አስተካከሉ።

ሳይሰነብት ኩፍኙ ተመለሰ። ሲመልሱለት ፋቅ ፋቅ አደረገና አሁንም እርጥቡን ደፈነው። አሁንም ነፋ።

የፋሲካ ዋዜማ ጋሽ ደምለው ጣሪያዋ ባበጠ መኪና መናኸሪያ ሄደው ቆሙ። አውቶቡስ በገባ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የመጨረሻው አውቶቡስ ተራግፎ ሾፌሩ በሩን ሲዘጋ ወደ ቤት ተመለሱ። የውብዳር "ሥራ በዝቶበት ነው፤ አለቃው ደውሎ ነግሮናል" አለቻቸው።

"አይ፣ መጥቶ ነበር እኮ" አሉ እሳቸው። "ጣሪያዋን በሩቁ ሲያይ አፍሮ ተመለሰ።"

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ይስቃል፣ ማንም ማንንም አያይም።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጎረቤት ልጁን ዳረ። ሠርግ እያለ መርዶ አይሆንም ተባለና አሁንም ተላለፈ። ጋሽ ደምለው ክራቫታቸውን አስረው ሄዱ፣ ጠጡ፣ ተነስተው እስክስታ ወረዱ። "ቀጣዩ የሚልኪያስ ነው" ብለው ትከሻቸውን ሲነቀንቁት፣ እልል ያሉት ሴቶች ተራ በተራ ወደ ጓዳ እየገቡ አፋቸውን በነጠላቸው ይይዙ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ ጋሽ ደምለው ጣሪያውን ተሸክመው ጋራዡ ገቡ። አንዱን እብጠት በራሳቸው ቢላዋ ከፍተውታል። ላዩ ላይ ፌስታል ታሽጎበታል። ጎማ ላይ ተቀመጡና ጣሪያውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለወንድይራድ አሳዩት። ፌስታሉ ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ ብሎበታል።

"ላብ አለው" አሉ።

"ጋሼ፣ ሙጫው ነው እኮ፤ የዘንድሮ ሙጫ…"

"ተው ወንዴ። ሰነፍ ነህ፣ አውቃለሁ። ትዘገያለህ፣ እሱንም አውቃለሁ። ሥራ አበላሽተህ ግን አታውቅም። ይሄን ጣሪያ እያወቅክ ደጋግመህ እርጥቡን ደፈንከው። አንተ እንዲህ የምትሠራው የሆነ ሰው ለምኖህ ነው።"

ወንድይራድ ብርጭቆ ወረቀት አነሳና የተፋቀውን እንደገና መፋቅ ያዘ።

"ሠርጉ ላይ ስጨፍር እህቴ አጨበጨበችልኝ። የውብዳር ዕድሜዋን ሙሉ እኔ ስጨፍር 'ኧረ አታዋርደን' ነው የምትለው። ለምን አጨበጨበች? እኔ የምነዳው መኪና እንጂ ሰው አልነበረም፤ ሰው ወዴት እንደሚወስደኝ ቶሎ አይገባኝም። ይሄ ጣሪያ ግን ነገረኝ።" ፌስታሉን በጣታቸው ነካ አደረጉና "ሚልኪያስ ነው አይደል?" አሉ።

ወንድይራድ የያዘውን ብርጭቆ ወረቀት መሬት አስቀመጠ። ባርኔጣውንም አወለቀ። ሌላ መልስ አላስፈለገም።

"መቼ?"

"ከፋሲካ በፊት ጋሼ።"

"ንግሥ ያላችሁኝ ጊዜ?"

"አዎ።"

"ጧፉስ?"

"እሱው ጋ በራ።"

"እንኳን በራ" አሉ ጋሽ ደምለው። ጣሪያውን እንደ ሕፃን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ናቸው።

"እኔ ግን መናኸሪያ ቆሜ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ክራቫት አስሬ ጨፈርኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ እጄን ይዞ የሚያስቀምጠኝ ጠፋ?"

"ልብዎን ፈርተን ነው ጋሼ።"

"ልቡ የኔ ነው። ልጁም የኔ ነበር። ልቅሶውም የኔ ነበር። ሳትጠይቁኝ ለምን ወሰዳችሁት?"

ያ ሁሉ ሰው የፈራለት ልብ አልቆመም። እየመታ ነው ያለቀሱት።

ድንኳን ተተከለ። ሰው መጣ። ነገር ግን አንድ ነገር ሆነ። ጋሽ ደምለው ሲያለቅሱ አብሮ የሚያለቅስ የለም። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንባውን በየጓዳው ጨርሶ ነው የመጣው። ለሌላው ሰው ሐዘኑ የከረመ ነው፤ ለሳቸው የዛሬ ነው። አንዱ "ቀብሩ ላይ እንዲህ ተብሎ ተለቀሰ" ይላል፣ ሌላው "አስከሬኑ ሲገባ ሰማዩ ዳመነ" ይላል። ጋሽ ደምለው የራሳቸውን ልጅ ቀብር እንደ ሩቅ ሰው ከሌላ አፍ ሰሙ። የውብዳር እግራቸው ሥር ወድቃ "ያዘንኩልህ መስሎኝ ነው" አለች። አነሷት፤ ምንም ግን አላሏትም።

ድንኳኑ ሲነሳ ወንድይራድ ጣሪያውን ወሰደና የደፈነውን ሁሉ ከፈተ። አንድም እብጠት አላስቀረ። ፌስታሉን አሽጎ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ጋሽ ደምለው እየመጡ ጎማው ላይ ይቀመጣሉ።

"ላብ አለው?"

"አለው ጋሼ።"

"ይቆይ።"

አንዳንድ ቀን ስለ ሚልኪያስ ይናገራሉ። መሪ ልያዝ ብሎ እንዳስቸገረ፣ ትንሹን እጁን ማርሹ ላይ እያደረገ እንቅልፍ እንደሚወስደው። ከዚያ ያለቅሳሉ። ወንድይራድ ቀልድ ምላሱ ጫፍ ላይ እየመጣ ይውጠዋል፤ ዝም ብሎ አጠገባቸው ይቀመጣል። ከፋይበር ሥራ ሁሉ ይሄ ለሱ ከባዱ ነበር።

አንድ ቀን ፌስታሉ ሳያልበው ዋለ። ወንድይራድ በጣቱ ነካክቶ አየው።

"ደርቋል ጋሼ።"

ጋሽ ደምለው አጎንብሰው አዩት። "እሱ ቀደመኝ" አሉ።

ጣሪያው ተሠራ፣ ተቀባ፣ መኪናዋ ላይ ተገጠመ። ጋሽ ደምለው ወደ ልጃቸው መቃብር ሊሄዱ ተነሱ። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሲያይ በሩን ከፈቱና "ግቢ እንጂ" አሏት እህታቸውን። የውብዳር እያለቀሰች ገባች፤ ለመግባት ሁለት ሰው ደግፏታል። ጭኗ ላይ አንድ እስር ጧፍ ይዛ ነበር። በዚያች ፀሐይ ሄደው ተመለሱ። ጣሪያው አላበጠም።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይሄን ነው። ሐዘን ስለተደበቀ አይቀርም። እርጥቡ ላይ ስንቀባው ለኛ ያማረ ይመስለናል፣ ፀሐይዋ ግን ቀኗን ጠብቃ ታወጣዋለች። ደንባችን መርዶን በወግ አርዱ አለን እንጂ ሰውየውን ብቻውን የማያውቅ አድርጋችሁ አክርሙት አላለንም። "ልቡ ይሰበራል" ብለን የደበቅነው ሰው፣ ልቡ የሚሰበርበት ቀን አልቀረለትም። የቀረበት አብሮት የሚያለቅስ ሰው ነው።

እስቲ እናንተም አስቡት፤ ለሌላም ሰው ንገሩት። በእናንተ ቤት፣ በእናንተ ሰፈር፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ የማያውቅ ሰው አለ? ሲስቅ አይን አይኑን ማየት ያቃታችሁ ሰው አለ?

ካለ፣ ነገ በማለዳ ዘመድ ሰብስባችሁ ሂዱ። እንባችሁ ሳያልቅ ሂዱ።